ከአንተ የሚበልጥ ልጅ ጋር ቴከን ስትገጥም እንዴት ነው የምትከላከለው

ባለፈው ቅዳሜ ጠባሴ አካባቢ አንድ ጌም ቤት ቁጭ ብዬ ሁለት ልጆች ቴከን 7፣ ያንን ሁለት ታጋይ በቡጢና በእግር የሚፋለምበትን ጌም፣ ሲገጥሙ አየሁ። አንዱ ዘጠነኛ ክፍል ቢሆን ነው፣ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ሌላኛው ከሸዋ ሮቢት መጥቶ እዚህ የሚማር። የሸዋ ሮቢቱ ኪንግን ነው የሚይዘው፣ ያንን ነብር የሚመስል የጃጓር ጭንብል የሚያጠልቀውን ታጋይ፣ እና ልጁ በደንብ ይችላል። ትንሹ 3 ለ 0 ተሸነፈ። እንደምታውቁት ተሸናፊ ነው የሚከፍለው፣ ብሩን ከኪሱ አውጥቶ ከፈለና ጆይስቲኩን አስቀምጦ "እጁ ይፈጥናል ጋሼ፣ እኔ አልደርስበትም" አለኝ።

ይቺን "እጁ ይፈጥናል" የምትል ነገር ስንቴ እንደሰማኋት አልቆጥረውም፣ ብዙ ልጅ እሷን ብሎ ነው ቴከን ትቶ ፊፋ ወንበር ላይ የሚሄደው። እኔ ግን ሶስቱንም ራውንድ ከጀርባው ሆኜ አይቼዋለሁ፣ የተሸነፈው በፍጥነት አይደለም። የሆነው ምን መሰላችሁ፣ ዱላው ሲመጣ ብሎክ ያደርጋል፣ ጥሩ፣ ከዛ ወዲያው ጣቱ ይጫናል፣ ከዛ ዱላ ያርፍበታል። እንደገና ብሎክ፣ እንደገና መጫን፣ እንደገና መመታት። የመጀመሪያውን ዱላ እየተከላከለ ሁለተኛውን ራሱ ነበር የሚጠራው። ስለዚ ነገሩን ከስሩ ላስረዳ፣ ትንሽ ቁጥር አለበት ግን ከባድ አይደለም።

ጌሙ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 60 ስዕል ነው የሚያሳይህ፣ አንዷ ስዕል ፍሬም ትባላለች። ማንኛውም ዱላ ከተጫነበት ሰዓት አንስቶ እስኪያርፍ ድረስ የሚወስደው ፍሬም አለው፣ ካረፈ በኋላም መቺው እጁን ሰብስቦ እንደገና ዝግጁ እስኪሆን የሚፈጅበት ፍሬም አለ። በቴከን ፈጣኑ ዱላ ጃብ ነው፣ ጆይስቲኩ ላይ ስኩዌርን፣ ባለ አራት ማዕዘኗን ቁልፍ፣ አንዴ ስትጫን የሚወጣው ቀላል ቡጢ፣ 10 ፍሬም ይፈጃል፣ ያ ማለት የአንድ ሰከንድ አንድ ስድስተኛ ነው። የሰው ዓይን ደግሞ አንድ ነገር አይቶ ጣት እስኪያዝ ድረስ ብዙ ሰው ላይ ወደ ሩብ ሰከንድ ይወስዳል፣ ወደ 15 ፍሬም በለው። አሁን ሁለቱን ቁጥር አስተያያቸው። ጃብን አይቶ ብሎክ የሚያደርግ ሰው የለም፣ የሸዋ ሮቢቱም ልጅ አያደርግም፣ የዓለም ሻምፒዮኑም አያደርግም። ብሎክ የሚደረገው ዱላው ከመምጣቱ በፊት ነው፣ የወደኋላ ቁልፉን ቀድመህ ይዘህ ትቆያለህ እንጂ ሲመጣ ተሯሩጠህ አትይዝም። ይሄ ከገባህ ግማሹን ሸክም ከላይህ አወረድክ ማለት ነው፣ ምክንያቱም ፍጥነት የሚባለው ነገር ያን ያህል እንደማያሸንፍህ አወቅክ።

እሺ፣ ሁሌ ወደኋላ ይዤ ብቆም አይበቃም ወይ? አይበቃም፣ ለምን መሰለህ፣ ዱላ ሶስት ዓይነት ነው። ላይ የሚመጣ አለ፣ መሃል የሚመጣ አለ፣ ታች እግር ላይ የሚመጣ አለ። ቆመህ ወደኋላ ከያዝክ ላይና መሃሉን ትመክታለህ፣ ታቹ ግን ይመታሃል። ቁጢጥ ብለህ ወደኋላ ከያዝክ ታቹን ትመክታለህ፣ ላዩ በራስህ ላይ ያልፋል፣ መሃሉ ግን አናትህ ላይ ያርፋል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም። የሚበልጥህ ልጅ የሚጫወትብህም እዚች ላይ ነው፣ "ትቆማለህ ወይስ ትቀመጣለህ" እያለ ደጋግሞ ይጠይቅሃል፣ አንተ በየጥያቄው ትክክለኛውን ለመገመት ስትል ትባክናለህ።

እኔ የምለው አትገምት። ሂሳቡን ተመልከት። ታች የምትመጣዋ ፈጣን ዱላ ቀላል ናት፣ ከሕይወትህ መስመር ከአስር አንዱን እንኳን አትወስድም። ቁጢጥ ባልክበት መሃል የምትገባው ዱላ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ላይ የምታነሳህ ናት፣ አየር ላይ ትንሳፈፋለህ፣ ከዛ ኮምቦ፣ ማለትም ማምለጫ የሌለው ተከታታይ ዱላ፣ ይጀመራል፣ ሲሶ ሕይወትህ ሄደ ማለት ነው፣ ግድግዳ አጠገብ ከሆንክ ደሞ ከዛም ይብሳል። ስለዚህ ቆመህ በመጠበቅህ የምታጣው ትንሽ ትንሽ ነው፣ በማጎንበስህ የምታጣው ሲሶ ሕይወት ነው። ቁም። እግርህን ይምታህ፣ ተወው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሶስቴ ቢመታህ እንኳን አንድ ኮምቦ አይሞላም። ብዙ ልጅ እዚህ ጋ ነው የሚበሳጨው፣ እግሩን ሁለቴ ሲመቱት ይናደድና ቁጢጥ ይላል፣ ያኛው የሚጠብቀው እሱን ነበር። እግርህን የሚመታህ እኮ እንድታጎነብስለት ነው።

ታች ከሚመጡት ውስጥ ከባድ የሆኑም አሉ እርግጥ፣ ጥለውህ ኮምቦ የሚያስከትሉ። ጌሙን የሰሩት ሰዎች ግን አንድ ነገር አድርገዋል፣ ከባዱን ታች ቀርፋፋ አድርገውታል። ብራያን የሚባለው ታጋይ ያላትን ያቺን ጠራጊ እግር አስባት፣ ከ25 ፍሬም በላይ ነው የምትፈጀው፣ ትከሻው ዝቅ ሲል ይታያል፣ ከላይ ካልናት ከ15ቷ ፍሬም ትበልጣለች አይደል፣ ስለዚህ ዓይን ይደርስባታል። እሷን አይተህ ቁጢጥ ብለህ ከመከትክ መልሰህ ሙሉ ኮምቦ ትሰጠዋለህ። በአጭሩ ለፈጣኗ አትቀመጥ፣ ለቀርፋፋዋ ብቻ ተቀመጥ፣ ቀርፋፋዋን ለማወቅ ደሞ ያ ልጅ የሚይዘውን ሰውዬ፣ ማለትም ታጋዩን፣ ሁለት ሶስት ከባድ እግር ለይተህ ማወቅ አለብህ፣ ሁሉንም አይደለም። ጌም ቤት ውስጥ የምንጋጠመው እኮ ያው አምስት ስድስት ልጅ ነው፣ የያንዳንዱን ሁለት ሶስት ዱላ መያዝ አያቅትም።

አሁን ወደ ጣቱ ጉዳይ እንመለስ፣ ማለትም ብሎክ ካደረግክ በኋላ ስለሚሆነው፣ ምክንያቱም ልጁ የተሸነፈው እዚህ ነው። ቴከንን በተራ በተራ እንደሚጫወቱት ጨዋታ አስበው። ዱላ ከመከትክ በኋላ ወይ ተራው የሱ ነው፣ ወይ ተራው ያንተ ነው፣ ይሄንን የሚወስነው ማን ቀድሞ ይዘጋጃል የሚለው ነው። ጃብ ብሎክ ሲደረግ ያልገመትከው ነገር ይሆናል፣ የመታህ ሰው ካንተ በአንድ ፍሬም ቀድሞ ይነሳል። ጃቡን መክተህ አንተም ጃብ ብትጫን፣ እሱም ቢጫን፣ ሁለታችሁም 10 ፍሬም ነው፣ ግን የሱ በአንድ ፍሬም ይቀድማል፣ ትመታለህ፣ ያውም ለመምታት ስትሞክር ስለተመታህ ጉዳቱ ይጨምራል። ትንሹ ልጅ እጁ ይፈጥናል ያለው ይቺን አንድ ፍሬም ነው። እጁ አልፈጠነም፣ ተራው የሱ ነበር።

በሌላ በኩል ደሞ ዘሎ በእግሩ የሚያነሳህ አለ፣ አብዛኛው ሰውዬ ያላት ያቺ ወደ ላይና ወደ ፊት ይዘህ ሰርክልን ስትጫን የምትወጣው ምት፣ እሷን ብሎክ ካደረግካት ብዙዎቹ ላይ መቺው ወደ 13 ፍሬም ያህል ወደኋላ ይቀራል። 13 ከ10 ይበልጣል። ስለዚህ ያኔ ስኩዌርና ትሪያንግል አከታትለህ ብትጫን እሱ ምንም ማድረግ አይችልም፣ ብሎክም ቢይዝ አይደርስለትም፣ እርግጠኛ ናት። ይሄ ነው ቅጣት የሚባለው። ከአንተ የሚበልጥ ልጅ ጋር ስትጫወት ዱላህ በሙሉ ከዚህ ቢመጣ ደስ ይለኛል፣ ማለትም አንተ ሄደህ ያመጣኸው ሳይሆን እሱ ተሳስቶ የሰጠህ። ሁለት ቡጢ ብቻ ነው፣ ታዳሚው አያጨበጭብልህም፣ ግን አራት ጊዜ ስትሰራው ያ ልጅ ዘሎ የሚመታውን ነገር ይተዋል። ሲተው ደሞ ከእጁ አንድ መሳሪያ ወሰድክበት ማለት ነው፣ ጨዋታው ካንተ ልክ ጋር እየተቀራረበ ይመጣል።

ተራው የማን እንደሆነ ባላወቅክበት ሰዓትስ? አትጫን። በቃ። ወደኋላ ይዘህ ቆይ ወይ ወደኋላ ሸርተት በል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው እዚህ ጋ ልክ ነው፣ ሳታውቅ የጫንከው ሁሉ ቀንድ ነው።

ሸርተት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በጉግስ ላስረዳ። ጥምቀት ላይ ወይ ሌላ በዓል ላይ ፈረሰኛ ሲጋልብ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ የሚባረረው ፈረሰኛ ዝም ብሎ የሚሸሽ ይመስላል፣ ግን ጋሻውን ከጀርባው አዙሮ በትከሻው ላይ ወደኋላ እያየ ነው የሚጋልበው፣ ያኛው ዘንጉን ወርውሮ ሲስት ፈረሱን ያዞራል፣ አሁን አባራሪው ባዶ እጁን ነው። ቴከን ውስጥም ወደኋላን ሁለቴ ነካ ነካ ስታደርግ ሰውዬህ ወደኋላ ይሸረተታል፣ የሚመታህ ልጅ ዱላው በአየር ላይ ይቀራል፣ አየር የመታ ሰው ደሞ ብሎክ ከተደረገበት ሰው ይልቅ ተጋልጦ ነው የሚቆየው። ይቺን ሸርተታ እያቋረጡ ቶሎ ቶሎ ደጋግሞ መስራት አለ፣ ኮሪያዎቹ አስተካክለው ስለሰሩት በስማቸው ነው የሚጠራው፣ እሷ ጣት ትፈልጋለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ተራዋ ሁለት ነካታ ትበቃሃለች። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከጀርባህ ግድግዳ ካለ ነው፣ ያኔ ወደኋላ መሄጃ የለህም፣ ወደ ጎን ውጣ።

መያዝን በተመለከተ፣ ማለትም ተጋጣሚህ አንቆ ወይ አቅፎ ሲጥልህ፣ የሸዋ ሮቢቱ ልጅ ኪንግን ስለሚይዝ ይሄን ሳላነሳ አላልፍም። ብሎክ እያደረገ ዝም ብሎ ለሚቆም ሰው መድሃኒቱ መያዝ ነው፣ ብሎክ መያዝን አያቆምም። ግን መያዝም ማምለጫ አለው፣ ቴከን 7 ላይ ከተያዝክ በኋላ ወደ 20 ፍሬም ገደማ ጊዜ ይሰጥሃል፣ የሰከንድ ሲሶ ማለት ነው፣ ይቺ ዓይን ይደርስባታል። የተለመደው መያዝ ከሆነ ስኩዌርን ወይ ትሪያንግልን አንዱን ብትጫን ትወጣለህ። ኪንግ ያሉት ልዩ ልዩ መያዞች ግን ይለያሉ፣ እጁን ነው የምታየው፣ ግራ እጁ ቀድሞ ከተዘረጋ ስኩዌር፣ ቀኝ እጁ ከተዘረጋ ትሪያንግል፣ ሁለቱም አንድ ላይ ከመጡ ሁለቱንም። መጀመሪያ ላይ ይምታታል፣ ለሳምንት ያህል በትኩረት ያየ ልጅ ግን ይለያቸዋል። ደሞ ብዙዎቹ መያዞች የሚመጡት በላይ በኩል ነው፣ እንደሚመጣ ቀድመህ ካወቅክ ቁጢጥ ስትል ባዶ አየር ያቅፋል፣ ያኔ ከተቀመጥክበት ስትነሳ ካነሳኸው ኮምቦው ያንተ ነው። ግን ይሄኛው ግምት ነው፣ ከላይ ያልኩት ሂሳብ እዚህም ይሰራል፣ በራውንድ አንዴ ሞክረው እንጂ አትልመደው።

ከወደቅክ በኋላ መሬት ላይ እያለህ የመርገጥ ሱስ ያለባቸው አሉ። ተው። የሚበልጥህ ልጅ ያቺን ርግጫ ቆሞ ነው የሚጠብቃት። ወደኋላ ይዘህ ተነስ፣ አንዳንዴ ትንሽ ቆይተህ ተነስ፣ በቃ። ሕይወትህ ሊያልቅ ሲል ሰውዬህ ቀይ ሆኖ የሚመጣው ሬጅም እንደዛው ነው፣ ያኔ የምትወጣዋን ያቺን ትልቋን ዱላ ሁሉም ሰው እንደምትጫናት ያውቃል፣ ብሎክ ከተደረገች ሙሉ ኮምቦ ነው የሚከፈልባት። ዱላ ስትመክት ጨርሰህ የምትቀጣበት አጋጣሚ ከመጣ ብቻ ተጠቀምባት።

ሰው ስለ መከላከል ሲያወራ ሁሌ የሚያነሳው የ2004ን ነገር ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ካሊፎርኒያ ኢቮ የሚባለው ውድድር ላይ ዳይጎ ኡሜሃራ የሚባለው ጃፓናዊ ከጀስቲን ዎንግ ጋር ስትሪት ፋይተር ሲጫወት ሕይወቱ አልቆ ክር ብቻ ነበር የቀረው። እዛ ጌም ላይ ልዩ ምት ብሎክ ብታደርግም ትንሽ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ብሎክ ራሱ ይገድለው ነበር። ጀስቲን በቹን ሊ ትልቁን ምት ለቀቀ፣ እዛ ጌም ላይ ምቱ ሊያርፍ ሲል ልክ በሰዓቱ ወደ ፊት ከነካህ ምንም ሳይቆረጥብህ ይመከታል፣ ዳይጎ 15ቱንም ምት አንድ በአንድ እንደዛ መክቶ መልሶ አሸነፈው። አዳራሹ ጮኸ፣ ቪዲዮው እስከ ዛሬ ይዞራል። ብዙ ሰው ይሄን አይቶ "ተአምር ነው" ይላል፣ እኔ ግን ሳየው የሚገርመኝ ሌላ ነው፣ ያ ምት እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። ክር ብቻ ሲቀረው ያኛው የሚፈልገው ማንኛውንም ብሎክ የምትቆርጥ ምት ነው፣ ስለዚህ ምን እንደሚመጣ ግልጽ ነበር፣ የእያንዳንዱንም ምት ሰዓት በልቡ ይዞታል። ያወቀ ሰው ነው የመከላከል ዕድል ያለው፣ እጅ የፈጠነ አይደለም።

በቴከንም አርስላን አሽ የሚባል የላሆር ልጅ አለ፣ ፓኪስታናዊ፣ በ2019 ኢቮ ጃፓንንም ላስ ቬጋስ የተደረገውን ኢቮንም በአንድ ዓመት አሸነፈ፣ ላስ ቬጋስ ላይ በፍጻሜው የረታው ኒ የሚባለውን ኮሪያዊ ነው፣ ኒ ደግሞ ከቴከን ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ ነው። ከዛ በፊት ዓለም ስለ ፓኪስታን ተጫዋቾች ብዙም አያወራም ነበር። እዛው ሰፈራቸው ጌም ቤት እርስ በርስ እየተገጣጠሙ ነው ያደጉት፣ እንደኛው። ጨዋታውን ካየኸው ቆሞ መጠበቁን፣ ሸርተት ማለቱን፣ ያቺን ትንሿን ቅጣት አለመርሳቱን ልብ በል። ይሄን የምናገረው የኛ ልጆች ራሳቸውን ከሩቅ እንዳያዩ ስለምፈልግ ነው።

ቴከን 8 ያላቸው ቤቶችም አሉ፣ 2024 ጃንዋሪ ላይ የወጣው፣ እዛ ላይ ሂት የሚባል ነገር አለ፣ ተጋጣሚህ ሂት ውስጥ ሲገባ ብሎክ ብታደርግም ትንሽ ትንሽ ይቆረጥብሃል። ጌሙ ማጥቃትን ይወዳል ማለት ነው። ቢሆንም የተቆረጠው መልሶ ማጥቃት ከቻልክ የሚመለስ ዓይነት ነው፣ ሂቱም ለጥቂት ሰከንድ ነው የሚቆየው፣ ስለዚህ ያቺን ሰዓት በሸርተታ ማሳለፍ ነው።

አንድ ነገር ደሞ የኛ አገር ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃን በጥቅምትና በህዳር ውርጩን ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ላይ ጣት አይታዘዝም። የሸዋ ሮቢት ልጅ ከቆላ መጥቶ እንኳን ይሄን ቶሎ አወቀው፣ ከመጫወቱ በፊት ሻይ ያዝዝና ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ ይቆያል፣ ሳይጠጣው። አንተም እንደዛ አድርግ ወይ እጅህን ጃኬትህ ውስጥ አቆየው፣ የመያዝ ማምለጫ በቀዘቀዘ ጣት አይመጣም። ሌላው ጆይስቲኩ ነው። ጌም ቤት ያሉ ጆይስቲኮች ውስጣቸው ያለው ጎማ ያልቃል፣ በተለይ የአቅጣጫው። የሚያጠቃ ሰው ላያስተውለው ይችላል፣ አንተ ግን ጨዋታህ በሙሉ ወደኋላ መያዝ ነው፣ ያቺ ቁልፍ አንዴ ከለቀቀችህ ያለቀልህ ነው። ሰውዬ መምረጫው ላይ እያለህ ግራና ቀኝን ደጋግመህ ሞክራት፣ ሁለቱንም፣ ምክንያቱም ቦታ ስትቀያየሩ ወደኋላ የነበረው ወደፊት ይሆናል። ከላላች ባለቤቱን በትህትና ቀይርልኝ በለው፣ ገንዘብ እየከፈልክ ነው።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ጠዋት ቤቱ ባዶ ሲሆን ጓደኛህን ይዘህ ሂድ፣ ፕራክቲስ ግባ፣ ጌሙ የተጋጣሚን ዱላ መቅዳት ይችላል፣ ያ የሚያሸንፍህ ልጅ የሚወዳትን አንድ ዱላ ቅዳና እየደጋገመ ያምጣብህ፣ አንተ ብሎክ አድርገህ ሁለት ቡጢ መልስ። አንድ ዱላ ብቻ፣ እስኪሰለችህ። ከዛ ጓደኛህ በነጻነት ያጥቃህ፣ አንተ ሙሉ ራውንድ ምንም ሳትጫን ተከላከል። 60 ሰከንድ ነው፣ ምን ያህል እንደሚረዝም ታያለህ፣ ስንት ሕይወት ይዘህ እንደምትጨርስም ታያለህ። ሰዓቱ ሲያልቅ ብዙ ሕይወት ያለው ያሸንፋል፣ ይሄንንም አትርሳ፣ ከመራህ መምጣት ያለበት እሱ ነው።

ትንሹን ልጅ ይሄን ሁሉ አልነገርኩትም፣ ብዙ ነው። ያልኩት "ብሎክ ካደረግክ በኋላ ጣትህን አንሳ፣ ዘሎ ሲመታህ ብቻ ሁለቴ በለው" ነው። ማክሰኞ ተመልሶ መጣ፣ ከዛው ልጅ ጋር ገጠመ፣ 3 ለ 2 ተሸነፈና ከፈለ። አራተኛው ራውንድ ላይ ኪንግ ዘሎ መታው፣ ብሎክ አደረገ፣ ሁለት ቡጢ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ዘሎ መታው፣ እንደገና ሁለት ቡጢ። የሸዋ ሮቢቱ ልጅ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስተካከለና ዞር ብሎ አየው፣ ከዛ በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ አልዘለለም።